ቤት ለማሞቅ ሰብል አይነደድ

ብርዱ ሊገባ ሲል በቦስተን፣ በዉስተር፣ በፕሮቪደንስና በሃርትፎርድ ዙሪያ የማሞቂያ ዘይት የሚገዛ ቤተሰብ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ያገኛል። መልእክቱ አጭር ነው። ቦይለርዎን አይቀይሩ፣ ቧንቧ አይንቀሉ፤ ከእንግዲህ የምናመጣልዎ ዘይት ከአኩሪ አተርና ምግብ ቤት ከጠበሰበት ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል ስለተቀላቀለበት ቤትዎ ያለ ምንም ድካም አረንጓዴ ይሆናል ይላል። ይህን የሚለው ሻጩ ብቻ ቢሆን የነጋዴ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ምክር ቤቶች ሕግ አድርገው አጽድቀውታል። ለአየር ንብረት የሚቆረቆሩ ቅን ሰዎች ይደግሙታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣም ቤት የገዙ ወገኖቻችን «እኛማ ባዮ ነው የምናነደው» ብለው ልባቸው አርፎ ሲናገሩ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ባዮ ነዳጅ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ቤት ማሞቅ ግን ከወረፋው መጨረሻ ሊቆም የሚገባው ሥራ ነው። ዛሬ ሕጉ ራሱ እጁን ይዞ ወደ ፊት እያመጣው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ሳልቆራርጥ ላስቀምጥ። በአሜሪካ 5 ሚሊዮን የሚደርሱ ቤቶች በዘይት ይሞቃሉ፤ አብዛኞቹም ያሉት በዚሁ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ነው። ቤቶቹ አሮጌ ናቸው፣ ቦይለሩ ቤዝመንት ውስጥ ተተክሏል፣ ባለቤቶቹ ጡረተኞች ወይም ገና የባንክ ዕዳ የሚከፍሉ ሠራተኞች ናቸው። ቤቴን ሙሉ በሙሉ ወደ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም የውጭውን ሙቀት ሰብስቦ ወደሚያስገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ልቀይር ያለ ሰው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ፣ አንዳንዴም የዚያን እጥፍ ይጠየቃል። ባዮዲዝል ግን በዚያው ታንክ ይቀመጣል፣ በዚያው ቦይለር ይነዳል። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። ድኝ የለበትም፣ ጥላሸቱም ያንሳል። አለዚያ የሚደፋ የጥብስ ዘይት ሥራ ላይ ይውላል። ዛሬ በሁሉም ቤት 10 በመቶ መቀነስ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በጥቂት ቤት ሙሉ በሙሉ ከመቀነስ ይሻላል ይላሉ። ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም፤ ከሚያቀርቡትም መካከል ለድሃው ከልብ የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ በቁጥር እንነጋገር።

በመጀመሪያ ታንኩ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? የኒውዮርክ ከተማ ሕግ በ2012 በ2 በመቶ ጀመረ፣ በ2017 ወደ 5፣ በኦክቶበር 2025 ወደ 10 ከፍ አለ፤ በ2030 ወደ 15፣ በ2034 ወደ 20 እንዲደርስ ተደንግጓል። ሮድ አይላንድና ኮነቲከት ደግሞ ውለን አድረን 50 በመቶ እናደርሰዋለን ብለዋል። በአሜሪካ የነዳጅ ደረጃ መሠረት ባዮዲዝሉ ከ5 በመቶ ካልበለጠ ዘይቱ ከተራው የማሞቂያ ዘይት አይለይም፤ በደረጃው ሰነድ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ቅጠል ተስሎበት ሲሸጥ የኖረው ይኸው ነው።

ቦቴው ሲሞላ ቆማችሁ አይታችሁ ይሆናል። ሾፌሩ የጎማውን ቱቦ ከመንገድ እየጎተተ ያመጣና ግድግዳው ላይ ካለው አፍ ጋር ይገጥመዋል። ዘይቱ መውረድ ሲጀምር ከአየር ማስወጫው ቧንቧ ፊሽካ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ፊሽካው ሲቆም ታንኩ ሞልቷል ማለት ነውና ሾፌሩ ይዘጋል። የተለመደው የቤዝመንት ታንክ 275 ጋሎን ይይዛል። መካከለኛ ቤት በአንድ የብርድ ወራት 600 ጋሎን ያነዳል እንበል። ቅልቅሉ 5 በመቶ ከሆነ ከተክል የመጣው 30 ጋሎን ነው፤ የቀረው 570 ከከርሰ ምድር የወጣ ናፍጣ ነው። በ10 በመቶ 540ው ናፍጣ ይሆናል። በ20 በመቶ፣ ያውም በ2034፣ 480ው። ለዚህ ነው ሰው «የእኔ ቤት ድርሻውን ተወጥቷል» ብሎ የሚተኛው?

ቀጥሎ «ካርቦኑን ተክሉ መልሶ ይወስደዋል» የሚለው አለ። የክርክሩ ምሰሶ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። አንድ ጋሎን የማሞቂያ ዘይት ሲነድ 10.2 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አንድ ጋሎን ባዮዲዝል 9.45 ኪሎ። ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያለው ልዩነት ይህቺው ናት፤ የተቀረው ሁሉ የሂሳብ አያያዝ ነው። ሂሳቡ የሚለው አኩሪ አተሩ ሲበቅል ያንኑ ያህል ካርቦን ከአየር ስቧል ነው። እውነት ነው፣ ስቧል። ግን ማሳው ከዚያ በፊት ጦሙን ያድር ነበር? አኩሪ አተሩ ለምግብና ለመኖ ሲዘራም ካርቦን ይስብ ነበር። ዘይቱ ወደ ቦይለር ሲዞር በአዲስ መልክ የተሳበ ካርቦን የለም፤ የተለወጠው የዘይቱ መድረሻ ብቻ ነው። ያን ዘይት ይበላ የነበረው ሰው ደግሞ መብላቱን አይተውም፤ ሌላ ዘይት ይፈልጋል፤ ያ ሌላ ዘይት ከብራዚል ወይም ከኢንዶኔዢያ ይመጣል። እዚያ ለአዲስ ማሳ ሲባል የሚመነጠረው ደንና የሚደርቀው ረግረግ ለብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ካርቦን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለቃል። ታዲያ ይህ በማን ሂሳብ ላይ ይጻፍ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቲሞቲ ሰርቺንገርና ባልደረቦቹ በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የመሬት አጠቃቀም ለውጡ ሲቆጠር የበቆሎ ኢታኖል በ30 ዓመት ውስጥ ከቤንዚን እጥፍ የሚጠጋ ልቀት ያስከትላል ብለው አስሉ። በቁጥሩ መጠን ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ መሬት ነጻ እንዳልሆነ ግን ከዚያ ወዲህ ሊያስተባብል የደፈረ ብዙ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን አስጠንቶ በ2016 ይፋ የሆነው ጥናትም የፓልምና የአኩሪ አተር ባዮዲዝል በመሬት ለውጡ ብቻ የሚያስከትሉት ልቀት ከተራው ናፍጣ እንደሚበልጥ አስልቷል። የአውሮፓ ኅብረት የፓልም ነዳጅን እስከ 2030 ከታዳሽ ኃይል ሂሳቡ ለማስወጣት የወሰነው ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ ነው።

አሜሪካስ ምን አደረገች? በጁላይ 2025 የጸደቀው የግብር ሕግ ለባዮ ነዳጅ አምራቾች የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ እስከ 2029 አራዘመ። ልቀቱ ሲሰላም ይኸው በተዘዋዋሪ የሚመጣው የመሬት ለውጥ ከሂሳቡ እንዲወጣ አዘዘ። አስሉና ትንሽ ሆኖ ካገኛችሁት ተዉት አላለም፤ አትቁጠሩት ነው ያለው። ነገሩ እንደሚባለው ቀላል ከሆነ ተቆጥሮ ይታይ ነበር እንጂ በሕግ ለምን ይሸፈናል?

እስቲ እኛ መሬቱን እንቁጠረው። አንድ ኤከር አኩሪ አተር 50 ቡሼል ገደማ ይሰጣል። ከአንዱ ቡሼል አንድ ጋሎን ተኩል ባዮዲዝል ይወጣል፤ ከኤከሩ 75 ጋሎን መሆኑ ነው። 600 ጋሎን የሚያነድ ቤት እንግዲህ 8 ኤከር ይፈልጋል፤ 3.2 ሄክታር፣ በአገራችን አነጋገር ወደ 13 ጥማድ። ይህ ሁሉ ለአንድ ቤት፣ ለአንድ የብርድ ወራት። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ ልጆቹን የሚያሳድገው፣ ግብሩን የሚከፍለው፣ ዘሩን የሚያስቀረው ከአንድ ሄክታር እምብዛም በማይርቅ ይዞታ ላይ ነው። አምስቱም ሚሊዮን ቤቶች በአኩሪ አተር ብቻ ይሙቁ ብንል 16 ሚሊዮን ሄክታር ያስፈልጋል፤ አሜሪካ በአኩሪ አተር ከምትሸፍነው መሬት ሁሉ ግማሹን ያህል ነው።

«ዘይቱ እኮ የፍሬው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ፋጉሎው ለዶሮና ለአሳማ መኖ ይውላል» የሚል መልስ ይመጣል። ትክክል ነው፤ መሬቱን በሙሉ በዘይቱ ስም መጻፍ አይገባም። ግን ለፋጉሎው ሲባል ከሚዘራው አኩሪ አተር የሚወጣውን ዘይት ድሮም ሰው ይበላው ነበር፤ ሜዳ ላይ የሚደፋው አልነበረም። ከ20 ዓመት በፊት ከአሜሪካ የአኩሪ አተር ዘይት ወደ ነዳጅ የሚሄደው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዛሬ ግማሽ የሚጠጋው ይሄዳል። መሬትን በቅጡ ለመጠቀም ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ሄክታር አኩሪ አተር በዓመት 5,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በአንድ ሄክታር ላይ የተተከለ የፀሐይ ሰሌዳ በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ሰማይ ሥር ወደ 500 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያም በሂት ፓምፕ ሲያልፍ ሙቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በጃንዋሪ ፀሐይ አጭር መሆኗ ነፋስንና ሌላውን ምንጭ ግድ ይላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ከ100 እጥፍ በላይ ስለሆነ የቀኑ ማጠር አይሸፍነውም።

ወደ ምግብ ዘይት ልምጣ፤ ይህን ክርክር የሩቅ ሰው ክርክር አድርጌ እንዳልመለከተው ያደረገኝ እሱ ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይት ሲያስቀር የዓለም የምግብ ዘይት ዋጋ ናረ። የዓለም ትልቋ የፓልም ዘይት አምራች ኢንዶኔዢያ በኤፕሪል መጨረሻ ወደ ውጭ መላክ አገደች፤ እገዳው እስከ ሜይ 23 ቆየ። ናፍጣ ላይ 30 በመቶ የፓልም ባዮዲዝል ይቀላቀል የሚለው የአገሯ ሕግ ግን በሥራ ላይ እንዳለ ነበር፤ ዛሬ 40 በመቶ አድርሳዋለች። አዲስ አበባ ላይ የ5 ሊትር ዘይት ከ1,000 ብር በላይ የተሸጠው በዚያ ዓመት ነው። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት የደወለ ዘመድ ዘይት ሳያነሳ ስልኩን አልዘጋም፤ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ስንት ሰዓት እንደተሰለፉ፣ ተራ ሲደርስ እንዴት እንዳለቀባቸው ነበር ወሬው። ኢትዮጵያ የምትበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች፤ ከዚያም ብዙው ፓልም ነው።

ጥፋተኛው የቦስተን ቦይለር ነው አልልም። ጦርነቱም፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም፣ የመንገዱ መዘጋትም አለበት። ግን የፓልም፣ የአኩሪ አተርና የሱፍ ዘይት ገበያ የተያያዘ ነው፤ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ሙሉ ፍላጎቱ በዓመት 3 ቢሊዮን ጋሎን የሚደርስ አዲስ ገዢ፣ ያውም በሕግ የታዘዘና በግብር ቅናሽ የተደገፈ ገዢ፣ እዚህ ገበያ ውስጥ ሲገባ ከሻጩ ፊት ቀድሞ የሚገፋው ማን ነው? ዋጋው ሲጨምር ቴርሞስታቱን አንድ ዲግሪ ዝቅ የሚያደርገው የኮነቲከት ቤተሰብ ነው ወይስ መርካቶ በግማሽ ሊትር እያስለካች የምትገዛዋ እናት?

ባዮ ነዳጅ ሲባል መሬት ምን እንደሚሆንም በአገራችን አይተነዋል። በ2007 መንግሥት የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ሲያወጣ ጃትሮፋና ጉሎ የሚበቅሉት ማንም በማይጠቀምበት ጠፍ መሬት ላይ ነው ተብሎ ነበር። በወላይታ ግን ጉሎው የተዘራው ገበሬው በቆሎና ስኳር ድንች ከሚያበቅልበት ማሳው ላይ ቀንሶ ነው፤ የተነገረው ምርትና ገበያ እንደ ተስፋው ሳይሆን ቀርቶ በምግቡ የከፈለው እሱ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ የውጭ ኩባንያ ለጉሎ ብሎ የመነጠረው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ተገኘ። ጠፍ የተባለ መሬት ሁሉ ወይ ከብት የሚሰማራበት፣ ወይ እንጨት የሚለቀምበት፣ ወይ አውሬ የሚኖርበት ነው። ይህን ላየ ሰው «ዘላቂ ምንጭ» የሚል ማኅተም አይበቃውም።

«እኛ የምንጠቀመው ያገለገለ የጥብስ ዘይት ነው» የሚሉት ከሁሉ የተሻለ መልስ አላቸው፤ እሱንም አከብራለሁ። ዘይቱ በእርግጥ ያገለገለ ከሆነ፣ በእርግጥም ሊደፋ የነበረ ከሆነ፣ ቢነድ ይሻላል። ነገር ግን ምግብ ቤት ያላቸውን ወገኖቻችንን ጠይቁ። ከጓሮ ያስቀመጡትን በርሜል የሚወስድ ድርጅት ድሮም አለ፤ አንዳንዱ ገንዘብ ይከፍልበታል፣ አንዳንዱን በርሜል ደግሞ ሌባ በሌሊት ይቀዳዋል። ሰው የሚሰርቀው ነገር ቆሻሻ አይባልም። አሜሪካ ያላት አልበቃ ብሎ በ2023 ከቻይናና ከሌላም አገር በከፍተኛ መጠን አስገባች፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ የጥብስ ዘይት እንደሆነ፣ ምን ያህሉ አዲስ ፓልም እንደሆነ ጥርጣሬ ተነሳ። የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚሁ ጥርጣሬ አምራቾች ላይ ምርመራ መጀመሩን በኦገስት 2024 አረጋግጧል። ከተቀላቀለ በኋላ ዘይት ከዘይት በዓይን አይለይም፤ አዲሱ ካገለገለው በርካሽ ሲሸጥ ደግሞ ማጭበርበሩ ራሱ ትርፍ ነው።

ሁሉም ንጹሕ ነው ብንል እንኳ የሰው ልጅ የሚጠብሰው ልኩ የታወቀ ነው። ማሞቂያው ዘይት ስለፈለገ ተጨማሪ ድንች የሚጠብስ የለም። ያን ጥቂት ዘይት ቤቱ ከወሰደው የጭነት መኪናው አኩሪ አተር ይወስዳል፤ አውሮፕላኑም እንዲሁ። ከቦስተን አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን በባትሪ አይበርም፤ ለእሱ ዛሬ ሌላ መንገድ አልተገኘለትም። ለቤት ግን ተገኝቷል፣ ተሞክሯል፣ በየጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌላ መንገድ ያለው፣ ሌላ መንገድ የሌለውን ቀድሞ ለምን ይሰለፋል?

ባዮ ነዳጅ በቦታው ሲገኝ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌም ከአገራችን አለ። በሶማሌ ክልል በቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ፣ ጋያ የተባለ ማኅበር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተሠራ ኢታኖል የሚያነድ ምድጃ ለቤተሰቦች አዳርሷል። እዚያ ሴቶች ለማገዶ ሩቅ ይሄዱ ነበር፣ በመንገድም አደጋ ይደርስባቸው ነበር፤ የኤሌክትሪክ መስመር አልነበረም፣ ጋዝ አልነበረም፣ ሞላሰሱም የስኳር ተረፈ ምርት ነው። ይህን የሚቃወም ሕሊና የለኝም። በ2008 አዲስ አበባ ላይ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀምር ግን ለዚያ ምድጃ የሚበቃው ትንሽ ኢታኖል ተፎካካሪ መጣበት፤ መኪናና ምድጃ አንድ በርሜል ላይ እጅ ለእጅ ተገናኙ። እጥረት ያለበት ነገር ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ በአሜሪካም ይኸው ነው፤ እዚህ የሚጠይቀው ብቻ ጠፍቷል።

የቀረው «ድሃው አይችልም» የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያሳምነውም እሱ ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እናድርጋቸው። ለሻጩ አድልተን ባዮዲዝል ልቀቱ ዜሮ ነው እንበልለት። በ20 በመቶ ቅልቅል ቤቱ የሚቀንሰው ቢበዛ 20 በመቶ ነው። አሁን ደግሞ በሂት ፓምፑ ላይ እንጨክንበት፤ ኤሌክትሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከጋዝ ማመንጫ ይምጣ፣ አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ አይኑር። ሂት ፓምፕ ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ስለሚያስገባ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለት ተኩል ያህል ሙቀት ያወጣል፤ በዚህ ስሌት የቤቱ ልቀት ከዘይት ቦይለሩ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። አንዱን በሙሉ አድልዎ፣ ሌላውን በሙሉ ጭካኔ መዝነነው እንኳ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ቅልቅሉ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

«ብርዱን አይችለውም» ይላሉ። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በዘይት ማሞቂያ ቀዳሚዋ ሜን ናት፤ ከቤቶቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዘይት ሲሞቁ ኖረዋል፣ ብርዷም የታወቀ ነው። በ2019 እስከ 2025 ድረስ 100 ሺህ ሂት ፓምፕ እንተክላለን ብላ ተነሳች፤ በጁላይ 2023፣ ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ ጨረሰችው። በአውሮፓም በነፍስ ወከፍ ብዙ ሂት ፓምፕ ያላቸው ኖርዌይ፣ ፊንላንድና ስዊድን ናቸው። የሚበርደው አገር ቀድሞ ገዛው።

የዋጋውን ነገር አላቃልልም። የማሳቹሴትስ ኤሌክትሪክ ውድ ነው፤ በደንብ ያልተሸፈነ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ሂት ፓምፕ ወር ላይ የሚያስደነግጥ ቢል ያመጣል፤ እንዲህ የተቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። ግን መድኃኒቱ ዘይቱን መቀባት አይደለም። ቡና አፍልታችሁ እጣን ስታጨሱ አንድ ቀን ማጨሻውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ውስጥ ከታጠፈ የከፈላችሁበት ሙቀት በሌላ በኩል እየወጣ ነው። በሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች ውስጥ የምትኖሩ ይህን ሳልነግራችሁም በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ውስጥና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ክፍተት ሲደፈን በዘይትም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚገዛው ሙቀት ያንሳል፤ ያልተገዛ ጋሎን ደግሞ መሬት አይፈልግም። በማሳቹሴትስ ማስ ሴቭ የሚባለው ፕሮግራም ቤቱን ያለ ክፍያ ይመረምራል፣ የሽፋኑን ወጪ አብዛኛውን ይሸፍናል፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ሙሉውን። ከ2025 ብርድ ጀምሮም ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ሂት ፓምፕ ላለው ቤት በብርዱ ወራት ቅናሽ ታሪፍ ያስከፍላሉ።

ለድሃው አስበናል የሚሉት ሕግ አውጪዎች ይልቅ ይህን ይመልሱ። ሂት ፓምፕ ለሚገዛ ቤተሰብ እስከ 2,000 ዶላር ይመለስለት የነበረው የፌደራል ግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ተቋርጧል። ያቋረጠው ሕግ የትኛው ነው? የባዮ ነዳጅ አምራቾችን ቅናሽ እስከ 2029 ያራዘመው ያው ሕግ ነው። ለቤተሰቡ የነበረው ተነሳ፣ ለፋብሪካው የነበረው ጸና፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን «አንተ አትችልም፣ ስለዚህ የእኛን ቅልቅል ግዛ» ይሉታል። አትችልም ያሰኙት እነሱ ናቸው።

«መሸጋገሪያ ነው» የሚለው ቃል በመጨረሻ ይመጣል። የሰሜን ምሥራቅ ዘይት ሻጮች በ2019 ፕሮቪደንስ ላይ ተሰብስበው በ2030 ልቀታቸውን 40 በመቶ፣ በ2050 ሙሉ በሙሉ እንደሚያጠፉ ወስነዋል። የሚያጠፉት ግን ዘይት በመሸጥ ነው፤ ቦቴው፣ ታንኩ፣ ቦይለሩ እንዳለ ይቀጥላል። ዛሬ የተተከለ ቦይለር 20 እና 25 ዓመት ያገለግላል። መሸጋገሪያ የተባለው ነገር የሚያልፍበትን ቀን ካልተናገረና በላዩ ላይ አዲስ ቦይለር ካስተከለ የሚያሻግረው ወደ ሌላ ቦይለር ነው።

ቤት ያላችሁ፣ ወይም የዘይቱን ሂሳብ የምትከፍሉ ተከራዮች፣ ቦይለሩ በጃንዋሪ ሌሊት እስኪሰበር አትጠብቁ። በዚያ ሌሊት ልጅ እየበረደው የሚመርጥ ሰው የለም፤ የመጣው ባለሙያ መኪናው ላይ ያለውን ይተክላል። አሁን፣ ቦይለሩ እየሠራ እያለ፣ የቤቱን ምርመራ ቀጠሮ ያዙ፣ ክፍተቱን አስደፍኑ፣ የሂት ፓምፕ ዋጋ ከሁለት ከሦስት ቦታ አስጠይቁ፤ አከራያችሁ እንቢ ካለ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁት። ተወካያችሁ ድምፅ ፈልጎ ቤተ ክርስቲያናችሁና መስጊዳችሁ ደጃፍ ሲመጣ ደግሞ እጁን ከመጨበጣችሁ በፊት አንድ ነገር ይመልስላችሁ፤ የባዮ ዘይት ቅልቅል ሕግ ሲወጣ መሬቱ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? ካልተቆጠረ ሕጉን ደግፋችሁ አትፈርሙ።